ስለ ጠላት መጾም

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ምሽት አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። ቁጣው ወደ አርሲ ሲደርስ ዴራ ላይ የእኔም ስፌት ቤት ነደደ። ከለኮሱት አንዱን አውቀዋለሁ፤ ከኮሮናው በፊት የዩኒፎርም ሱሪውን ያጠበብኩለት ልጅ ነው። ከአመዱ ውስጥ የሲንጀሯ የብረት እግር ብቻ ቆሞ ቀረ።

ንብረቱ አላንገበገበኝም ብል ዋሸሁ። የባሰው ግን «ምን አደረግኩት?» የሚለው ነበር። በድዬው ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር፤ ያልሠራሁትን በምን ልካስ?

ሌሊት ሌሊት ዳዊት ስደግም እርግማን የበዛበትን 108ኛውን መዝሙር እየመረጥኩ የልጁን ስም አስገባበት ጀመር። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልደነገጡም። (እንዲህ የሚያደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።) 34ኛውን ድገም አሉኝ። በዚህም ዳዊት ያለ ምክንያት የሚጠሉትን ይከሳል፣ እግዚአብሔር እንዲዋጋለት ይለምናል። መሀል ላይ ግን እነዚሁ ሰዎች ታመው ሳለ ማቅ ለብሶ እንደጾመላቸው ይናገራል። ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ ልብ ብዬው አላውቅም።

የዚያን ዓመት ፍልሰታ ስለ ልጁ ጾምኩ። ፍቅር አድሮብኝ ሳይሆን ታዝዤ ነው። ጾሙ ሲፈታም አልወደድኩትም፤ ስሙን በጸሎት ስጠራ ግን ጥርሴን መንከሴን ትቻለሁ።

በኋላ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ 76ቱን የገደሉት የጸጥታ ኃይሎች ናቸው። ለካ ልጁ ወገኔ ከሚላቸውም ቤት ድንኳን ተጥሏል። ይህ ለእሱ ማመካኛ አይሆነውም፤ እኔ ግን ሐዘኑን የራሴ ብቻ አድርጌው ነበር።

በልጁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ስጠራ አንዳንድ ወንድሞች «ይቅር ካልክ ምን ያስመሰክርሃል?» አሉኝ። ክርስቶስ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ፣ ስለ ምን እንደተመታ ጠይቋል። ጳውሎስም ወደ ቄሳር ይግባኝ ብሏል። ሁለቱም ስለ አሳዳጆቻቸው ከመጸለይ አልቦዘኑም። ስፌት ቤቴ በነደደ ቀን ልጆቼን ጓዳቸው የደበቁልኝ ሙስሊም ጎረቤቴ የልጁ አክስት ናቸው። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። «ያየኸውን ተናገር፤ ያላየኸውን ግን እንዳትጨምርበት» አሉኝ።

እንዳሉኝ መሰከርኩ። ስለ ልጁም እስከ ዛሬ እጾማለሁ።