«ነገ ኑ» ያልኳቸው ልጆች

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ናይሮቢ ላይ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ከመሀል ከተማ ወደ ፓንጋኒ የተሳፈርኩበት ማታቱ መንገዱ ተዘጋግቶበት ቆመ። ጉልበቴ ላይ ሁለት ፌስታል የሕፃናት ልብስ፣ እግሬ ሥር ግማሽ ማዳበሪያ በርበሬ ይዣለሁ። አጠገቤ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ አሜሪካዊት፣ ሌላዋ የዚምባብዌ ልጅ። ሁለቱም ረዘም ያለ ቀሚስ ለብሰው ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ምልክት ለጥፈዋል። በርበሬው ሲያስነጥሳቸው አፈርኩ። አሜሪካዊቷ ግን ሳቀችና «ማማ፣ ይሄ ነገር ሽታው ያስርባል» አለችኝ።

«ሞርሞን ናችሁ አይደል?» አልኳቸው። ሰው እንደዚያ እንደሚላቸው፣ ሙሉ ስሙ ግን የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን መሆኑን ነገሩኝ። መጽሐፋቸው በአማርኛም አለ አሉኝ። ልወርድ ስል ቤቴ መጥተው ሊያነጋግሩኝ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሃይማኖቴን የምለውጥ ሰው አይደለሁም። ይህንን ፊት ለፊት መናገር ግን ከበደኝ። ስልኬን ሰጥቼ የቤቴን አቅጣጫ ካሳየኋቸው በኋላ «እሺ፣ ነገ ኑ» አልኩ።

በማግስቱ በሰዓቱ መጡ። እኔ ኢስሊ ዕቃ እየመረጥኩ ነበር፤ «ይቅርታ፣ ቅዳሜ ይሁን» አልኳቸው። ቅዳሜም መጡ። ያን ቀን ቤት ነበርኩ፤ ግን በሩን አልከፈትኩም። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሳይ በዝናብ ውስጥ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘው ወደ ማታቱ መቆሚያ ሲሄዱ አየኋቸው። ነግጄ ልጅ ያሳደግሁ ሴት፣ ከሁለት ልጆች ተደበቅሁ።

ከሳምንት በኋላ ከገበያ ስመለስ ደረጃው ሥር አገኙኝ። ጎረቤቴን ውኃ እያገዟት ነበር። ምንም ሳይሉ ሸክሜን ተቀብለው አራተኛ ፎቅ አደረሱልኝ። ከዚያ በኋላማ በር መዝጋት ነውር ነው። አስገባኋቸውና ቡና ልቆላ ስነሳ ተያዩ። ቡናም ሻይም እንደማይጠጡ ነገሩኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ እኛ ዘንድ ቡና እምቢ ያለ እንግዳ ሰውየውን እምቢ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ እሱን ደስ ብሏቸው ጠጡ።

ስለ ውሏቸው ጠየቅኳቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነስተው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ይተኛሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሴቶቹ 18 ወር፣ ወንዶቹ 2 ዓመት ያገለግላሉ። የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም፤ ደመወዝም የለም። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ያጥባሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ከቤተሰብ ጋር በስልክ ይገናኛሉ። ከ2019 በፊትማ ስልክ የሚፈቀደው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር አሉኝ።

«ሰው ሲያባርራችሁ አይከፋችሁም?» አልኩ።

የዚምባብዌዋ ልጅ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ማማ፣ እምቢ ያለንን ሰው አንቀየምም፤ አመስግነን እናልፋለን። የሚከብደን ‹ነገ ኑ› የሚለው ነው። ነገን ላንቺ ብለን እናስቀምጠዋለን፤ ሌላ የጠራንን ሰው አይመቸንም እንለዋለን» አለችኝ።

ቅዳሜ ቤት እንደነበርኩ ታውቅ ይሆን? አልጠየቅሁም። ግን ፊቴ ጋለ። ከዚያ «ልጆቼ፣ ሃይማኖቴን አልለውጥም» አልኩ። «እሺ ማማ» አሉ። በቃ። የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር። እንደውም ከዚያ ወዲህ ነው በነፃነት የተጫወትነው።

እናንተም ነጋዴዎች ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ዱቤ ወስዶ «የለኝም» ያለኝን ሰው ችዬዋለሁ። ያከሰረኝ «ነገ እከፍልሻለሁ» እያለ ሦስት ወር ያመላለሰኝ ነው። ኮሜርስ ስማር የማይሰበሰብ ዱቤ በጊዜ ከመዝገብ ይሰረዝ ተብለን ተምረናል፤ አለዚያ የሌለ ገንዘብ እንዳለ መስሎ ይታያል። ሌላው ሲያደርግብኝ የማማርረውን እኔው አደርገው እንደነበር ግን አላስተዋልኩም።

አሜሪካዊቷ የወንድሟን የሠርግ ፎቶ አሳየችኝ። እሷ የለችበትም። «ከመሄዴ በፊት አልኖርም፣ አትጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። አልቅሰናል። ግን ቁርጡን አውቀው ደገሱ» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐዋሳ የምትማረው ልጄ ሐምሌ ላይ ትመረቃለች። «ትመጫለሽ አይደል?» ባለችኝ ቁጥር «እሺ፣ እናያለን» ስላት አራት ወር ሆኖኛል። እኔ ግን እንደማልሄድ ልቤ ያውቀዋል። የወሰድኩት ዕቃ ዕዳ የሚከፈለው በዚያው ሳምንት ነው፤ ለአንድ ሳምንት ሱቁን ዘግቼ ሞያሌ ድረስ፣ ከዚያም ሐዋሳ ብወርድ የታናሽ ወንድሟን ትምህርት ቤት የምከፍልበትን ነው የምበላው።

ጠዋት ደወልኩላት። «አልመጣም» አልኳት። ምክንያቱን ሳልደብቅ ነገርኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ድምጿ ተሰብሯል። «የሚሰጠን ሁለት የጥሪ ካርድ ብቻ ነው። አንዱን ለአባዬ ሰጥቻለሁ። አክስቴ ስትለምነኝ የአንቺን አልሰጥም ብያት ነበር። አሁን እሰጣታለሁ።»

እህቴ ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገችልኝ ናት። እኔ ቁርጡን ባለመናገሬ እሷም ሳትሄድ ልትቀር ነበር። ሐምሌ ላይ ፎቶው ደረሰኝ፤ እህቴ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ ልጄን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ የለሁበትም። እያየሁት እስካሁን ሆዴ ይባባል፤ ግን ያለቦታው የቀረ ሰው የለም።

ልጆቹ በየስድስት ሳምንቱ ምደባቸው ይታያል። አሜሪካዊቷ ወደ ሌላ አካባቢ ስትዛወር ነጠላ ሰጠኋት። በእሷ ቦታ የመጣችው አዲሷ ልጅ ከዚምባብዌዋ ጋር በሬን ስታንኳኳ፣ ገና አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኳት፦

«ልጄ፣ ሃይማኖቴን አልለውጥም። ዝንጅብል ግን ጥጃለሁ፤ ግቡ።»