ወረቀቱና ብሩ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገራችን ሰው፤ ሳይጎድልበት የሚበደረውን ለመዝለፍ። የቸገረውስ? ለቸገረው ሰው የተተረተ ተረት ብፈልግ የሚረባ አላገኘሁም። «ብድር በምድር» የሚባለውም ቢሆን ስለ ውለታና ስለ ቂም እንጂ ስለ ብር አይደለም። ለቸገረው ሰው ከተረት ይልቅ የተዘጋጀለት አራጣ አበዳሪ ነው።

እኛ የግቢ ልጆች አራጣ አበዳሪን የምናውቀው ከልቦለድና ከቴአትር መድረክ ነው። ቦርጩን ያስቀደመ፣ የወርቅ ጥርሱን የሚያብለጨልጭ፣ ሲስቅ መጋረጃው የሚንቀጠቀጥ ሰውዬ። ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ ሦስት ቀን ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩት ሰውዬ ግን እንዲህ አልነበረም። ቀጭን ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ለቅሶ አያጓድልም፤ የዕድር መዋጮ ቀድሞ የሚከፍል እሱ ነው። አክስቴንም «እትዬ» እያለ በአክብሮት ነው የሚያነጋግራት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ክፉ ቢመስል ኖሮ ገና ከጅምሩ ትጠነቀቀው ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ሆጤ አካባቢ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ናት። ባለቤቷ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ሲላክ 30,000 ብር ጎደላት። ባንክ መያዣ አምጪ ይላል፤ ቤቷ የኪራይ ነው። የብድርና ቁጠባው ተቋም በቡድን ተደራጂና ተራሽን ጠብቂ ይላል፤ በሽታ ተራ አይጠብቅም። ዕቁቧን ቀድማ በልታለች። ዕድር ደግሞ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይደርስም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ያለ መያዣ መበደር ተጀምሯል፤ ይሁን እንጂ በስልክ የምታገኘው ብድር የሽንኩርትና የዘይት ጉድለት ይሸፍን እንደሆን እንጂ ቀዶ ጥገና ድረስ አልዘለቀላትም። እንግዲህ ማን ቀረ? እሱ ቀረ። ማታ ሄደች፤ ጧት ብሩ እጇ ገባ። ለዚህ ፍጥነቱ ማንም ምስጋና ሊነፍገው አይችልም።

ዋጋው በወር ከመቶ አሥር ነበር። 30,000 ብር በወር 3,000 ይወልዳል ማለት ነው። የስድስት ወሩ 18,000 ከዋናው ጋር ተደምሮ ወረቀቱ ላይ 48,000 ተብሎ ተጻፈ።

የማጠናው ሥነ ጽሑፍ ነውና ያንን ወረቀት እንደ ድርሰት ደጋግሜ አነበብኩት። ተራኪው «እኔ» ነው። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ተበዳሪ፣ ብር 48,000 ያለ ወለድ በጥሬ ገንዘብ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» ይላል። ይህ «እኔ» አክስቴ አይደለችም። አክስቴ ከሰውዬው እጅ 48,000 ቆጥራ አልተቀበለችም፤ «ከዚህ በታች የተጠቀሰው» ብላም በዕድሜዋ ተናግራ አታውቅም። በሷ አንደበት የሚናገረው ሰውዬው ነው። ከሁሉ የምትደንቀው ደግሞ «ያለ ወለድ» የምትለዋ ሐረግ ናት። መላው ወረቀት ስለ ወለድ የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ ወለድ የሚለው ቃል የተጠራው የለም ለማለት ብቻ ነው። ከደራሲዎቻችን ስንቱ እንዲህ ያለ የተጠና ዝምታ ይጽፋል?

እንዲህ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 እንዲህ ባለው በሰውና በሰው መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ላይ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። በዓመት! የሰውዬው በዓመት ሲሰላ ከመቶ 120 ይመጣል፤ የሕጉ አሥር እጥፍ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በቁጥር 712 የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደርን በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ ወለዱ በዋናው ብር ሆድ ውስጥ መደበቅ አለበት። ተበዳሪው ነጋዴ ሲሆን ደግሞ ባዶ ቼክ ላይ ያስፈርሙታል፤ ደረቅ ቼክ መስጠት ራሱ ወንጀል ስለሆነ ያቺ ቅጠል ካቴና ትሆናለች። አክስቴ ቼክ ስለሌላት ከዚህ ዳነች።

ሰባት ወር በየወሩ 3,000 ከፈለች፤ 21,000 ብር መሆኑ ነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። የባለቤቷ ሕመም ሲያገረሽ ሁለት ወር አቋረጠች። ይኸኔ ሰውዬው ወረቀቱን አወጣው። «እትዬ፣ እስካሁን የከፈሉኝ የወር የወሩን ነው፤ ዋናው 48,000 እንዳለ ነው» አላት። በትሕትና ነው ያላት። አንዱ ወለድ ሁለት ጊዜ ሊበላ ነው፤ አንዴ በየወሩ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ።

«ክሰሺው!» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ዘነበ። እኔም ክረምቱን ወደ ደሴ ከመሄዴ በፊት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሕጉን አገላብጬ ነበር። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል። ጽሑፉ ያለው በማን እጅ ነው? በሰውዬው እጅ። ፍርድ ቤት የተፈረመን ወረቀት በጎረቤት ምስክርነት በቀላሉ አያፈርሰውም። በሌላ በኩል ግን እሱም ቢሆን ቢከስ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደተወለደ የሚጠይቅ ሰው ቢነሳ መዘዙ ብዙ ነው። እሷ የምትፈራው አለ፤ እሱም የሚፈራው አለ። ድርድር የሚባለው ነገር የሚፈጠረው ሁለቱም ወገን የሚፈሩት ነገር ሲኖራቸው ነው። አንዱ ብቻ ከፈራ ልመና ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ወሎ ነውና አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና የዕድሩ ዳኛ። ልጅ ነኝና ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሊያጠፋን ነበር። ሽማግሌ ልማዱ ይታወቃል፤ «አንተም ትንሽ ተው፣ አንቺም ትንሽ ጨምሪ» ነው። ደግ ልማድ ነው፤ ስንት ደም አድርቋል። ለሒሳብ ሲሆን ግን አደጋ አለው። ሰውዬው «48,000» አለ። አክስቴ አንገቷን ደፍታ «ምንም የለኝም» አለች። የዕድሩ ዳኛ መሐሉን ፈለጉና «24,000 ይሁን» አሉ። ሁሉም «እሰይ! ግማሹን ተወላት!» አለ። ሰውዬውም የተጎዳ ሰው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ መሐል የሚባለው ቦታ የሚወሰነው ጫፎቹ ከተተከሉበት ነው። አንዱን ጫፍ ውሸት ላይ የተከለ ሰው መሐሉንም ወደ ራሱ ይጎትተዋል። 80,000 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ እኮ ግማሹን «ቢተውላት» 40,000 ይወስድ ነበር፤ ምስጋናውም ያው ነው።

ነገሩ ለነገ ተቀጠረ። ማታ ከአክስቴ ጋር ደብተር ዘርግተን ተቀመጥን። ከሰባቱ ክፍያ ሦስቱን በእጁ ነው የሰጠችው። አራቱን ግን እሱ ኮምቦልቻ ለሥራ ሲመላለስ «በስልክ ላኪልኝ» ብሏት በባንክ አስተላልፋለች፤ መልእክቶቹ ስልኳ ውስጥ አሉ። የአራት ወር 12,000 ብር ከነቀኑ! ደረሰኝ ያልሰጠ ሰው ሳያውቀው ደረሰኝ ሰጥቷል። ቀኖቹን በቅደም ተከተል ገለበጥናቸው።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ገባሁ። ከስብሰባው በፊት ሼሁ ወደ ጎን ጠርተው «ሕጉን ንገረው እንጂ አታስፈራራው፤ የፈራ ሰው አይታረቅም» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ብር ቀንስ፣ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ ማለት ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ። «አባቶቼ፣ የምንነሳው ከወረቀቱ ነው ወይስ ከብሩ?»

«ወረቀቱ አለ አይደል እንዴ!» አለ ሰውዬው።

ሼሁ ከመቁጠሪያቸው ቀና አሉ። «ወረቀቱንማ አየነው። እኛ የምንጠይቅህ ሌላ ነው። ቆጥረህ የሰጠሃት ስንት ነው? በምታምንበት ማልና ንገረን።»

ዝም አለ። ረዥም ዝምታ ነበር፤ የስኒው ድምፅ ብቻ ይሰማል። የሰው ነገር ይገርማል። ከመቶ አሥር ማስከፈል የማይከብደው ሰው በሐሰት መማል ይከብደዋል። በዚህ ፍርሃት የሚስቅ ዘመናይ ካለ እኔ አብሬው አልስቅም፤ ያ ፍርሃት ባይኖር ከፊታችን ወረቀት እንጂ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ «ሠላሳ ነው» አለ።

በዚያች ቃል 18,000 ብር ከመሬት ተነቀለ።

እሱም በዋዛ አልተሸነፈም። «እንግዲያው በተስማማነው ይታሰብ» አለ። ዘጠኝ ወር በ3,000፣ 27,000፤ ከዋናው ጋር 57,000፤ 21,000 ሲቀነስ 36,000 ይቀረኛል ነው። እኔ የሕጉን አነበብኩ። ከመቶ 12 በዓመት ማለት ለ30,000 ብር በወር 300 ነው፤ ለዘጠኝ ወር 2,700። ከዋናው ጋር 32,700፤ የከፈለችው 21,000 ሲነሳ 11,700 ይቀራል። ቄሱ ደግሞ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22ን አነሱ፤ ከድሃ ወንድም ወለድ አይወሰድም አሉ። ሼሁ «በእኛም ሪባ ሐራም ነው» ብለው ደገፏቸው። በሁለቱ ሃይማኖት ሒሳብ የሚቀረው ዋናው ብቻ ነው፤ 9,000። እንግዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዕዳ ተቀመጠ፤ የአራጣው 36,000፣ የሕጉ 11,700፣ የእግዜሩ 9,000።

እኔ በሕጉ ልንጸና ነው ብዬ ስጠብቅ በሦስተኛው ቀን የተናገረችው አክስቴ ናት። እንዲህ አለች፦ «የእግዜሩን አልችልም፤ ያስመሰግነኛል እንጂ አያኖረኝም። በጭንቄ ጊዜ ያበደረኝ እሱ ነው። ነገ መንገድ ላይ አንገቴን ሳልደፋ ልለፈው እፈልጋለሁ። ግን አንድ ብር ብጨምር እንኳ ስንት እንደጨመርኩ ቆጥሬ አውቄ ልጨምር።» ቤቱ ጸጥ አለ። 15,000 ብር፣ በሦስት ወር፣ በየወሩ 5,000 ተባለ። ሰውዬው ትንሽ አንገራገረና ተቀበለ።

ስሌት የምትወዱ ከሕጉ 3,300 በልጧል ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔም ብዙ ቀን አንገብግቦኛል። ታዲያ ፍትሕ ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3307 ሁለት ወገኖች እያንዳንዳቸው ከያዙት ጥቂት እየለቀቁ ክርክራቸውን የሚያቆሙበትን ውል ያውቃል። መልቀቅ ማለት ግን የያዙትን ማወቅን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን አክስቴ 24,000ን ብትቀበል ኖሮ 12,300 ብር ከላይ ስትከፍል እየተማረች መስሏት እጅ ትነሳ ነበር። በሦስተኛው ቀን የጨመረችውን 3,300 ግን እያወቀች ነው የጨመረችው፤ የወረቀቱ ዋጋና የሰላም ዋጋ አድርጋ። እኔ ብሆን አልጨምርም ነበር። ዕዳውም መንገዱም የሷ ስለሆነ ግን ቃሉ የሷ ነው።

የዕርቁ ማሰሪያ ላይ ግን አንዲት ጋት አላፈገፈግንም። አዲስ ጽሑፍ በሁለት ቅጂ ተጻፈ፤ የድሮው የ48,000 ውል በዚህ መተካቱ፣ እስካሁን 21,000 መከፈሉ፣ የቀረው 15,000 ብቻ መሆኑና የሚከፈልበት ቀን በፊደልና በቁጥር ሰፈረ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፈረሙ። ክፍያው በእጅ ሳይሆን በባንክ እንዲሆን ተባለ። ሰውዬው የድሮውን ወረቀት አልሰጥም፣ እኛም ካንተ ዘንድ አይቀመጥም ስንባባል፣ ዕዳው እስኪያልቅ የዕድሩ ዳኛ ዘንድ እንዲቀመጥ ተስማማን። የመጨረሻው 5,000 በገባ ማግሥት ዳኛው ወረቀቱን በሁለቱም ፊት ቀደዱት። አክስቴ ቁርጥራጩን ለቅማ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው፤ በዚያው እሳት የዕለቱን እንጀራ ጋገረች።

ሽምግልና አራጣን ከሥሩ ነቀለ ብዬ አላወራም። ሰውዬው ዛሬም ያበድራል። ሙያና ደንበኛ ያላት ሴት፣ ቤት ስለሌላት ብቻ በሕመም ጊዜ የምትበደርበት በር እስካልተከፈተ ድረስ የሱ በር ሌሊትም አይዘጋም። ሕጉ በመጽሐፍ ውስጥ ሆኖ «በሕግ አምላክ!» ቢልም የሚሰማው አንብቦ ለሚናገርለት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የኛ ነገር የሚመጣው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ይህችን ወረቀት እያት» የሚል ዘመድ የማይጠብቀው ከመካከላችን ጥቂት ነው። ወረቀቷን ተቀበሉ፤ አንብቧት። ቀጥሎ ግን ወረቀቷን አጥፋችሁ አስቀምጡና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ብር ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ መቼ፣ በማን ፊት፣ የተመለሰውስ ስንት ነው በሉ። ስልኩ ውስጥ ያለውን መልእክት ፈልጉ። ከሽማግሌ ፊት ከመቅረባችሁ በፊት የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፤ እናንተ ቁጥር ካልያዛችሁ የሰውዬው ቁጥር ብቻውን ይቀመጣል። የሚከፈለውንና የሚተወውን የሚወስነው ባለዕዳው ራሱ ይሁን። የእናንተ ሥራ ሲወስን ቁጥሩ ከፊቱ እንዲኖር ማድረግ ነው።