ጎልቦ እና የቡናው ባለቤት

ከሞያሌ ከፍታ ግርጌ ተነሥቶ ዓይን እስከሚደክም የሚዘረጋው የጎልቦ ቆላ፣ ግራርና ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ከብትና ግመል የሚሰማራበት ደረቅ ሜዳ ነው። በፈቃድ ቀናችን ወደ ኬንያው ሞያሌ ተሻግረን በአንድ የቦረና ቤተሰብ ደጃፍ በእንግድነት ስንደርስ፣ አረጋዊቷ እመቤት በአገሩ ወግ ቡና ቀላ አቀረቡልን። ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠበሳል፤ ወተት ይጨመርበታል፤ ምርቃትም ይከተለዋል።

ውድ አንባቢያን! ቡና በጎልቦ አይበቅልም፤ ከደጋው የሚመጣ ፍሬ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በጅማ የሂርማታ ገበያ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጎን ሰው ይሸጥ ነበር። በጅማና በካፋ ባላባቶች መሬት ላይም እህሉን የሚያርሰውና ቡናውን የሚለቅመው በአብዛኛው ባሪያ ነበር። ከጎልቦ ወደ ምሥራቅ በሸበሌ ሸለቆ ባሪያዎች ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ያመርቱ ነበር፤ በዛንዚባርና በፔምባ ደሴቶች ደግሞ ቅርንፉድ። በዛንዚባር ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1897፣ በኬንያ ጠረፍ ደግሞ በ1907 ነበር። ጎልቦን ለሁለት የከፈለው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ውልም የተፈረመው በዚያው በ1907 ነው።

በአገራችን የባሪያ ነፃነት አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ ሙሉ ክልከላው በነሐሴ 1934 ታወጀ። ይሁንና ከባርነት ጎን ሌላ ቀንበር ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ በደቡብ የሰፈረው ወታደር ደመወዙ ገንዘብ ሳይሆን ገባር ነበር። እንደ ማዕረጉ የተመደቡለት ቤተሰቦች ይሰፍሩለት፣ ይፈጩለት፣ እንጨትና ውኃ ይሸከሙለት ነበር። ገባር እንደ ባሪያ አይሸጥም፤ ጉልበቱ ግን የራሱ አልነበረም። ከዚህ ሸክም የሸሹ ቦረናዎች ድንበሩን እየተሻገሩ በእንግሊዝ ግዛት ተጠግተዋል።

እመቤቲቱ ወታደር መሆናችንን ያውቃሉ። ሲኒውን ሞልተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አያቴ ወደዚህ የተሻገሩት በአንድ ወታደር ቤት ውኃ ሲቀዱ ኖረው ነው። ለመሆኑ ዛሬ የናንተን ውኃ ማን ይቀዳላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን።

መልስ አጣን። ካንድ ወር በፊት ውኃ በጠፋበት ሰሞን አንድ የሠፈር ልጅ ሁለት ጀሪካን አሸክመን ዳገቱን አስወጥተነው ነበር። «በኋላ እንከፍልሃለን» ብለነው ረሳነው። ማንም አላዘዘንም፤ ማንም አልጠየቀን። ልጁም ዝም አለ፤ የለበስነውን መለዮ አይቶ ይሆናል ዝም ያለው።

በማግስቱ ወደ ሠፈራችን እንደተመለስን ልጁን ፈልገን አገኘነው። ገንዘቡን ስንሰጠው እየደጋገመ ቆጠረና፣ «የረሳችሁት መስሎኝ ነበር» አለን። እውነቱን ነገርነው፤ ረስተነው ነበር።

የሩቁን ዘመን ጨቋኝ ማውገዝ ቀላል ነው፤ አዋጁ ወጥቷል፣ ገበያውም ፈርሷል። ያልከፈልነው ጉልበት ግን በእያንዳንዳችን ደጃፍ ሊቀመጥ ይችላል። እንግዲህ በየቤታችሁ ዛሬ ቡና ሲፈላ፣ የለቀመውን፣ የተሸከመውን፣ ውኃውን የቀዳውን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ዋጋውን ያልተቀበለ ካለም ሳይመሽ ክፈሉት።