የሐር ጥቅልና የደሺማ ድልድይ

ከአምስተርዳምና ከሮተርዳም ተጠራርተን አንድ ማለዳ ዘሄግ ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄድን። የፈለግነው በናጋሳኪ ወደብ የነበረችውን የደሺማን መዝገብ ነው፤ ጃፓን ድረስ የሚያደርስ አቅም ስለሌለን ወረቀቱ ይበቃን ነበር።

ሆላንዳውያን ነጋዴዎች ከ1641 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በዚያች ጠባብ ደሴት ተወስነው ኖረዋል። ያለ ፈቃድ ድልድዩን መሻገር ክልክል ነበር። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ከመካከላችን በስደተኞች መጠለያ ፈቃድ ሲጠብቅ ያልከረመ የለም። እነርሱ ግን አትርፈዋል፤ የቻይና ጥሬ ሐር እያራገፉ ብርና መዳብ ይጭኑ ነበር።

ጃፓን የሰው ሐር ስትገዛ አልቀረችም። በ1872 ቶሚዮካ ላይ የመንግሥት ሐር መፍተያ አቋቋመች፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በጥሬ ሐር ንግድ ዓለምን ቀደመች። አባቶቻችን ይህ አልተሰወራቸውም። የ1931ዱ ሕገ መንግሥታችን የሜይጂውን አርአያ የተከተለ ነበር፤ በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን ጎብኝተው በኋላ መጽሐፍ ጻፉላት። የንጉሡን ሥልጣን የሚያጸናው አንቀጽ አገራችን ገባ፤ መፍተያው ግን ቀረ።

ወደ ቶሚዮካ ከየአውራጃው የሄዱት ልጃገረዶች ሙያውን ተምረው ወደየቀያቸው በመመለስ ሌሎችን አስተምረዋል። ወደ አምስተርዳም በሚመለሰው ባቡር ውስጥ ይህን ስናወሳ አንዱ ወንድማችን «እኛስ መቼ?» አለ። ሌይደን እስክንደርስ የመለሰለት አልነበረም።