አዲስ ጥበብን ስለ መማር

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ ነበር። ይህ ቃል ለመንገደኛ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ዕድሜዬ ስድሳን ካለፈ በኋላ ለተማሪም የተነገረ መሆኑን በራሴ ላይ ደርሶ አየሁት። በኮምፒዩተር ሙያ ለመሠማራት የምታስቡ ወጣቶች ሆይ፤ እኔ በእርጅናዬ የከፈልሁትን ዋጋ እናንተ በጉብዝናችሁ እንዳትከፍሉ፣ የሆነውን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በሒሳብ መጽሐፋችን መጨረሻ የጥያቄዎቹ መልስ ታትሞ ይገኝ ነበር። መምህራችን ግን እነዚያን ገጾች በወፍራም ወረቀት ጠቅልሎ በክር ያስራቸው ነበር፤ ስሌቱን በሰሌዳችን ላይ ሠርተን ካላሳየነው በቀር ክሩን አይፈታልንም። እኛም በልባችን «ምን ያለ ንፉግ ሰው ነው!» እንል ነበር። በኋላ እኔ ራሴ ለ34 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ይህንኑ ሥርዓት ተከተልሁ። እንግዲህ ለሌላው ያስተማርሁትን ለራሴ መርሳቴ ነው የሚያስገርመው።

በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ፣ በሶፍትዌር ሥራ የሚተዳደረው የእህቴ ልጅ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠኝና ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንድማር መከረኝ። ይህም ቋንቋ ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የሆላንድ ሰው ሠርቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው፣ ለጀማሪም የሚስማማ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በቪዲዮ የተቀረጸ ትምህርት ተመለከትሁ። አስተማሪው ሲጽፍ እያየሁ ራሴን በመስማማት እነቀንቅ ነበር፤ ሁሉም የገባኝ መሰለኝ። ሌላው ሲዋኝ በማየት ዋና የተማረ ሰው አለን? እኔ ግን የተማርሁ መሰለኝ።

በዚህ መካከል የሰፈራችን እድር የወር መዋጮ መቆጣጠሪያ እንድሠራለት ጠየቀኝ። አልችልም ማለት አሳፈረኝ። ባዶውን ገጽ ከፍቼ ብቀመጥ ግን አንድ መስመር እንኳ መጻፍ አቃተኝ። ስለዚህ ለጠየቁት ሁሉ መልስ ለሚሰጠው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄዬን ጻፍሁለት፤ እርሱም ወዲያው አንድ ሙሉ ፕሮግራም አቀረበልኝ። ገለበጥሁት፤ ሠራም። ኮሚቴው አመሰገነኝ፤ እኔም ያልደከምሁበትን ምስጋና ተቀበልሁ።

የእድራችን ደንብ እንዲህ ነው፤ አንድ አባል ሦስት ወር ሙሉ ሳይከፍል ከቀረ፣ ቅጣቱን እስኪከፍል ድረስ የቀብር ገንዘብ አይሰጠውም። ጳጉሜን የራሷ መዋጮ ስለሌላት ከቁጥር አትገባም። ፕሮግራሙ ግን ከመጨረሻው ክፍያ ወዲህ ያለፉትን ቀኖች ቆጥሮ ለ30 ያካፍል ነበር፤ እኔም ይህን አላወቅሁም።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም 24 ቀን የአንዲት የሰፈራችን እናት ባለቤት አረፉ። እኚህ እናት ለመጨረሻ ጊዜ የከፈሉት ሰኔ 28 ቀን ነበር። በደንባችን ሦስቱ ወር የሚሞላው መስከረም 28 ቀን ስለሆነ ገና አራት ቀን ይቀራቸው ነበር። ፕሮግራሙ ግን አምስቱን የጳጉሜን ቀኖች ጨምሮ 91 ቀን ቆጠረ፤ ሦስት ወር አልፏቸዋል ብሎም ስማቸውን ከባለ ዕዳዎቹ ጋር አወጣ። ገንዘብ ያዡም ወረቀቱን አምኖ ክፍያውን ከለከለ።

ለልቅሶ በደረስሁ ጊዜ ሐዘንተኛዋ ቀና ብለው አዩኝና «መምህር፤ ከእድሩ የተፋቅሁት ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የቀድሞው ጸሐፊ አሮጌውን መዝገብ ይዘው መጡ፤ በጣታቸው ቆጥረውም ስህተቱን አገኙ። ገንዘቡ በዚያው ማታ ተከፈለ። ነገር ግን በድንኳን ውስጥ በሰው ፊት የደረሰባቸውን ኀፍረት ማን ይመልሰዋል?

ለእህቴ ልጅ ነገርሁት። ፕሮግራሙን አይቶ «ጋሼ፤ ወሩን የሚቆጥረው የትኛው መስመር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ላሳየው አልቻልሁም። እርሱም ሳይገሥጸኝ፣ በሥራው ላይ አዲስ ነገር በመጣበት ቁጥር እንዴት እንደሚማር አስረዳኝ።

በመጀመሪያ ትንሽ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ ሥራ ይመርጣል። ጥቂት ያነብና መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ይጽፋል፤ እጁ የቆመበት ቦታ ገና ያልተማረው ቦታ መሆኑን ያውቃል። ሁለተኛም፣ ሌላው ሰው ከሚያወራው ይልቅ የቋንቋው ሠሪዎች ራሳቸው የጻፉትን መመሪያ ያነባል። ፕሮግራሙ ሲሰናከል የሚወጣውንም ጽሑፍ አይሸሽም። በፓይተን የስህተቱ ዓይነት የሚጻፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ስለሆነ ንባቡን ከዚያ ይጀምራል። እኔ ግን ያን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ደንግጬ እዘጋው ነበር። ሦስተኛም፣ ማናቸውንም ሥራ ከማመኑ በፊት መልሱን አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር ይፈትነዋል፤ ከሁሉ ይበልጥም ወርና ዓመት በሚለወጡበት ጠርዝ ላይ ይፈትነዋል፤ ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነውና። ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ራሱ ሞክሮ ስህተቱን እንዲነቅስለት ነው እንጂ፣ ሊያስረዳው የማይችለውን አንድ መስመር እንኳ አይቀበልም።

«መሣሪያው ይለዋወጣል፤ መሠረቱን የያዘ ግን አይቸገርም» ብሎም ምሳሌ ሰጠኝ። በቀድሞው ፓይተን 2፣ 7ን ለ2 ቢያካፍሉ መልሱ 3 ይሆን ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው በፓይተን 3 ግን 3.5 ሆነ። ፓይተን 2ም በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ድጋፉ ተቋረጠ። አጻጻፉን ብቻ በቃሉ የያዘ ሰው ግራ ሲጋባ፣ የሙሉ ቁጥርንና የአሥርዮሽን ልዩነት የተረዳው ግን ምክንያቱን ስለሚያውቅ በቀላሉ ተሻገረ።

የቀዳሁትን ፕሮግራም ጣልሁትና እንደገና ጀመርሁ። አስቀድሜ የ20 አባላትን ሒሳብ በወረቀት ላይ በእጄ ሠራሁ፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበረችበትን 2015 ዓ.ም.ንም ጨመርሁበት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ከባዶ ገጽ ተነሥቼ ጻፍሁ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጀመሪያ ብፈትነው ሁለቱ አልገጠሙም። በዚህ ጊዜ ግን ስህተቱ የት እንዳለ ፈልጌ አገኘሁት፤ የጻፍሁት እኔ ነበርሁና።

ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፍልተው ካጠጡኝ በኋላ «አሁንስ ያውቁታል?» አሉኝ። «አዎን፤ እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ» አልኋቸው።

ልጆቼ፤ አዲስ ጥበብ በየዓመቱ ይመጣባችኋል፤ ወደ ኋላ እንዳትቀሩም ብላችሁ ትቸኩላላችሁ። ነገር ግን እናንተ የምትጽፉት ፕሮግራም የሰውን ደመወዝ፣ የሰውን መድኃኒት፣ የሰውን ስም ይቆጥራል። ስለዚህ ብዙ ከመነካካት ጥቂቱን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሰሌዳችሁን ሳትሞሉ የመልሱን ክር አትፍቱ፤ ሥራችሁንም ለሰው ከማስረከባችሁ በፊት «አሁንስ አውቀዋለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።