በጥቅምት የተሸጠው ሰንጋ

ሐረርጌ ውስጥ ሰንጋ ሜዳ ተለቆ አይደልብም። ደጅ ታስሮ፣ ከማሳ እየተሳሳ የሚመጣለትን ለምለም ማሽላ፣ ኋላም አገዳውን በእጅ እየጎረሰ ነው ሥጋ የሚያወጣው። ወራት የሚፈጅ ልፋት ነው። አጎቴ ሂርና አጠገብ ያሰረው በሬ ለገና ገበያ የታሰበ ነበር። በጥቅምት ተሸጠ። ደላላ ደግሞ የቸገረውን ሰው ከሩቅ ያውቃል፤ «ጎኑ ገና አልሞላም» አለና ዋጋውን ሰበረው። እውነቱን ነው፣ አልሞላም ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ መሸጡ አይደለም። በሬ ለክፉ ቀንም ይታሰራል። የሚያንገበግበኝ የዓመቱ የጤና መድን መዋጮ ተከፍሎ፣ ካርዱ ታድሶ፣ መቀነት ውስጥ ተቋጥሮ እያለ መሸጡ ነው።

የአጎቴ ሕመም የሐሞት ጠጠር ነበር። ድንገት የመጣ አልነበረም፤ ወራት ሙሉ እየመጣ እየሄደ ሲያስጨንቀው ኖሯል። ጤና ጣቢያው መርምሮት ጭሮ ሆስፒታል እንዲሄድ ሪፈር ጽፎለታል። ወረቀቱ ዛሬም ቤት ውስጥ አለ። ልጆቹ ግን «አባታችን በወረፋ አይንገላታም» አሉ። ጎረቤቱም «አቦ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ሄዳችሁ ምን ልታገኙ?» እያለ አራገበላቸው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ጭሮን ጀርባ ሰጥተው ድሬዳዋ፣ አንድ የግል ሆስፒታል ገቡ። የመያዣው ገንዘብ ከዘመድ ከወዳጅ ተለቃቅሞ ተከፈለ።

ቀዶ ሕክምናው መልካም ሆነ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ቀሪው ሒሳብ ሲመጣ አክስቴ መቀነቷን ፈታች፤ በፌስታል የተጠቀለለውን ካርድ አውጥታ በገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት አሾለከችው። ልጅቷ አገላብጣ አየችውና በትሕትና መለሰችላት።

«እማማ፣ ይሄ እኛ ጋ አይሠራም። ውል የለንም።»

«እንዴት አይሠራም? የመንግሥት ማኅተም እኮ አለበት!»

ማኅተሙማ ነበረበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን የሚከፍለው ውል ለገባለት ተቋም ነው። ያውም በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በሪፈር ከዚያ በላይ። መድኑ በሙከራ ላይ በነበረበት ዘመን እንኳ ደረጃውን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ አባል የሕክምናውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ውል ወደሌለው ቤት የገባ ሙሉውን ከመክፈል በቀር ምን ምርጫ አለው? የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ የሆነው እዚያው ድሬዳዋ ውስጥ ድል ጮራን የመሰለ የመንግሥት ሆስፒታል እያለ መሆኑ ነው። በሪፈሩ ጭሮ ቢታይና ከጭሮ ሌላ ሪፈር ቢይዝ ኖሮ፣ በሬው ለገና ይደርስ ነበር።

ሐረርጌ ለዚህ መድን እንግዳ ቢሆን ይቅር ባልን። በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኦሮሚያ ከተመረጡት መካከል አንዷ የምሥራቅ ሐረርጌዋ ደደር ነበረች። ያኔ የኦሮሚያ መዋጮ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት 180 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨምሯል፤ ቢሆንም ከአንድ ቀዶ ሕክምና ሒሳብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይህን ያህል ዘመን ጎረቤታችን ደደር የምታውቀውን እኛ ካርድ ከማደስ አልፈን አላጠናንም።

ልጆቹን ብቻ መውቀስም አልችልም። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ሐሰት አይደለም፤ ካርድ ይዞ ገብቶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ሰው በየሰፈሩ አለ። ትልቁ ልጅ ደግሞ መምህር ነው፤ ወሳኙም እሱ ነበር። እሱ ራሱ ምን መድን አየና! የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ፣ ቁጥር 690፣ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበ ነበር። ሠራተኛው «ደመወዜ አይነካ» አለ፣ መንግሥትም «ዘንድሮ ይጀመራል» እያለ ዓመት ዓመትን ወለደ። ታዲያ ደመወዝተኛው ታሞ ሲወድቅ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ወረቀት ይዘው መዋጮ ይለምኑለታል። መድን በደጁ ያላለፈ ሰው የእናቱ ካርድ የት እንደሚሠራ፣ የት እንደማይሠራ ከየት ያውቃል?

አክስቴ አሁንም አልገባትም። ካርዱ የተታለለችበት ወረቀት ይመስላታል፤ «ሁለተኛ አልከፍልም» ብላ ምላለች። ከበሬው ይልቅ ይሄ መሐላ ያስፈራኛል፤ በሬ ይተካል፣ እሷ ካርዱን ጥላ ሌላ ክፉ ቀን ቢመጣ ግን የሚሸጥ የለም።

ጤና መድን የምትመዘግቡ የወረዳና የቀበሌ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ውል ያላችኋቸውን ሆስፒታሎች ስም በኦሮምኛም በአማርኛም ጽፋችሁ ቀበሌ በር ላይ፣ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ መነኻሪያው ላይ ለጥፉልን። መዋጮ ስትሰበስቡ ደረሰኝ ብቻ አትስጡ፤ «ሪፈር ሳትይዙ አትሳፈሩ» በሏቸው። አንተም ካርድ ያለህ ወንድሜ፣ ደህና ሳለህ ጠይቅ። ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ላይ ከደረስክ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።