ያላየነው የነፍስ አባት

ሰቆጣ ውስጥ ጎረቤቶቻችን ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። "የእናንተ የነፍስ አባት ማን ነው?" ይሉናል። በዋግ ኽምራ አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ ነው፤ የነፍስ አባት የማይገባበት ቤት ለእነርሱ ጠያቂ የሌለው ቤት ነው። እኛም ፈገግ ብለን "የእኛስ ጌታ ነው፤ በእርሱና በእኛ መካከል ማንም የለም" እንላቸው ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ዛሬም እናምነዋለን። ነገር ግን ያን በምንልበት ወቅት እኛም የነፍስ አባት ነበረን። አይተነው አናውቅም። የሚኖረው በስልክ ውስጥ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግን ሲያዳርስ ስልኩም መብራቱም ጠፋ። በኋላ ኔትወርኩ ሲመለስ እንደ ተራበ ሰው ነበር የተቀበልነው። የቤት ለቤት ሕብረታችን ከሃያ ሰው አይበልጥም። መጋቢ የለንም፤ የሚያስተምሩን ቀን በግንበኝነት የሚያድሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስልኩ በረከት እንደ ነበር መካድ አንችልም። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን በድምፅ የተቀዳውን መጽሐፍ ቅዱስ እየደጋገሙ ሰምተው፣ ተምረናል ከምንለው ከእኛ በላይ ቃሉን በልባቸው ያዙ።

ችግሩ የመጣው ከአንድ ነቢይ የማታ ላይቭ ጋር ነው። ስሙን አንጠራም። ሽማግሌያችን ዘሌዋውያንን ሲያስተምሩ እያዛጋን፣ የእርሱን ላይቭ ግን እስከ እኩለ ሌሊት እንከታተል ነበር። "እገሌ እንዲህ ብሏል" ማለት በመካከላችን የክርክር ሁሉ መጨረሻ ሆነ።

አንዲት እናት አሉን። ልጃቸው ወደ ግንባር ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የአንዳንዱ ሰው ልጅ ሲመለስ፣ እርሳቸው በየቀኑ መንገድ ያዩ ነበር። አንድ ማታ ስልኩን ሰጡንና "ንገሩልኝ" አሉን። እኛም ኮሜንት ላይ የእርሳቸውን ስም፣ የልጁን ስም፣ "ከሰቆጣ" ብለን ጻፍን። ጥቂት ቆይቶ ነቢዩ ዓይኑን ጨፍኖ "ከሰሜን አንዲት እናት ትታየኛለች" አለ፤ የልጁን ስምም ጠራ። ከፋሲካ በፊት ቤቱ ይገባል አለ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ስሙን የጻፍነው እኛው መሆናችን በዚያች ሌሊት ለማንኛችንም ትዝ አላለንም።

"ዘር ዝሩ" ተባለ። እናታችን ሁለት ፍየል ሸጡ። በስልክ መላክ ስለማይችሉ የላክንላቸውም እኛ ነን።

ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 8 ቀን ነበር። ቤታቸውን ለቀልቀው፣ ዶሮ አስቀምጠው ጠበቁ። ልጁ አልመጣም። ለነቢዩ ብንጽፍ ኮሜንታችን ተሰረዘ። ከዚያ ደግሞ ከእኛ አንዱ "እምነትዎ ጎድሎ ይሆናል" አላቸው። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው፤ አንዱ ይናገረው እንጂ ሌሎቻችንም ዝም ብለናል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ላይቩ ጠፋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሽማግሌያችን ከሥራ ሲመለሱ ኖራ የነካው ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወደ እናታችን ቤት ሲገቡ እናያቸው ነበር። ይቀመጣሉ፤ በኽምጣንጋ ያወራሉ። እናታችን የሚያለቅሱት በኽምጣንጋ ነው፤ ነቢዩ ቢሰማቸው እንኳ አንዲት ቃል አይገባውም ነበር። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻቸውም ቡና አፍልተው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን እናታችን "ልጄ በሕይወት አለ ወይ?" ብለው ሲጠይቁ ሽማግሌው አቀርቅረው ቆዩና "አላውቅም" አሉ። ያን ጊዜ እዚያው ነበርን። በስልክ ያ ቃል ከአንድም ነቢይ አፍ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም።

ዕብራውያን 13፥7 የእግዚአብሔርን ቃል የነገሩንን ዋኖች እንድናስብ ሲያዝ፣ የኑሯቸውን ፍሬ ተመልክተን በእምነታቸው እንድንመስላቸው ነው። የሽማግሌያችንን ኑሮ እናያለን፤ ከማን እንደ ተበደሩ፣ ለሚስታቸው እንዴት እንደሚናገሩ፣ እህል በጠፋበት ዓመት ለማን እንዳካፈሉ እናውቃለን። የዚያን ሰው ግን ሰፈሩን እንኳ አናውቅም። በቤርያ እንደ ነበሩት ሰዎች መጻሕፍትን መመርመር የምንወድ ነበርን፤ የመረመርነው ግን የጎረቤቶቻችንን ሥርዓት ነው። ለታቦትና ለጠበል ጥቅስ በኪሳችን ነበር። ያልተፈጸመ ትንቢት ከጌታ እንዳልሆነ የሚናገረው ዘዳግም 18፥22 ግን ለላይቩ ትዝ አላለንም። (ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ አላመለጡም፤ በዩቲዩብ አጥማቂ የሚከተሉ፣ ደብራቸውን የረሱ አሉ። በዚህስ እኩል ነን።) በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል አለን፤ መልካም ነው። ሆኖም ሰቆጣ ላይ በሌሊት አንዲትን እናት ከስልኳ ጋር የሚያገኛት ካውንስል ሳይሆን ጎረቤት ነው።

ተሰብስበን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። አዋጥተን አንድ ፍየል ገዛን፤ ሁለተኛዋ ላይ አልደረስንም። እናታችን ፍየሏን ተቀብለው "እናንተም ልጆች ናችሁ" ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ አንዳንድ ማታ ያንኑ ሰው ያስከፍቱናል። መጀመሪያ ደነገጥን፤ ለምን እንደሆነም ጠየቅናቸው። "መጥቶ ይገባል እንዳይለኝ አውቄያለሁ። የልጄን ስም የጠራልኝ ሰው ግን እርሱ ብቻ ነው" አሉን።

እውነታቸውን ነው። ያዝናሉ ብለን ፈርተን፣ በጸሎታችን ሁሉ "ያንን ጉዳይ" እያልን አልፈነው ኖረናል። አሁን በየሳምንቱ ስንሰበሰብ ሽማግሌው ስሙን ጠርተው ይጸልያሉ፤ እኛም ተከትለን እንጠራዋለን። ቀን አንቆርጥም።